የቢሃር ወንዶች የት ሄዱ?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሕንዷ የቢሃር ግዛት ምርጫ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በተካሄደው የግዛት ምክር ቤት ምርጫ ከተመዘገቡት መራጮች 67 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጥተዋል። ለቢሃር ይህ ከእስካሁኑ ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሴቶቹ ከ71 በመቶ በላይ ወጥተው ወንዶቹን በሰፊው በልጠዋል። በጣም ደስ ይላል! ግን ወንዶቹ የት ሄዱ?

ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ሌሎች የሕንድ ከተሞች ሄደው ዴልሂ፣ ሙምባይ ወይም ሱራት ናቸው። ሕንፃ ይገነባሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ድምፅ መስጠት የሚችሉት ግን በተመዘገቡበት ቦታ ብቻ ነው። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ ሥራ አቋርጦ፣ የባቡር ከፍሎ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መመለስ ከባድ ነው። ቤት የቀሩት ልጆቹ የሚበሉት እኮ በዚያው የቀን ገቢ ነው።

የሕንድ ምርጫ ኮሚሽን አይችልም እንዳልል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አሩናቻል ፕራዴሽ በተባለው ግዛት ውስጥ ማሎጋም በምትባል መንደር ለአንዲት መራጭ ብቻ የምርጫ ጣቢያ አቁሟል። የምርጫ ሠራተኞቹ የድምፅ መስጫ ማሽኑን ይዘው ተራራ ለተራራ ሄደዋል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። ለአንዲት ሴት ይህን ያህል የደከመ አገር፣ ከተሞቹን ለሚገነቡለት ሰዎችስ? ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ከቤታቸው የራቁ ሰዎች ካሉበት ሆነው የሚመርጡበትን ማሽን ለፓርቲዎች አቅርቦ ነበር። ብዙዎቹ ተቃወሙና ነገሩ እዚያው ቆመ።

እባካችሁ፣ ቀጣዩ የግዛት ምርጫ ሲደርስ እነዚህን ሠራተኞችም አናግሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ