ትንሿን የቶራ ጥቅል ለማስጠገን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ረቢዎቻችን ከምኩራብ ውጭ ይዘዋት የሚሄዱት ትንሿ ቶራ (አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በእጅ የተጻፉበት የብራና ጥቅል) ለንባብ አትበቃም ተብላለች። መቀነቷ ከልብሷ በላይ የታሰረው ለዚህ ነው፤ የማያውቅ ሰው ከሣጥኑ እንዳያወጣት ምልክት ነው። ሐዘን ቤትም ሆነ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አሥር ሰው ተሟልቶ የሚነበበው በእሷ ነበር። በምኩራቡ ባለችው በትልቋ ቶራ እንተካት እንዳይባል ያቺ ከባድ ናት። ደግሞም ከቦታዋ የተነሣች ቶራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እስክትነበብ በሄደችበት እንድትቆይ ልማድ አለ፤ ይህ ሰንበትን (ቅዳሜን) ይጨምራል፣ ሰንበት ደግሞ ትልቋ እዚህ ትፈለጋለች።

አንድ ሙሉ ቶራ 304,805 ፊደላት አሉት፤ ብዙውን ጊዜ 245 ዓምድ፣ በየዓምዱ 42 መስመር። ከእነዚህ አንድ ፊደል ቢጎድል ወይም ቢሰበር ጥቅሉ በሙሉ ከንባብ ይወጣል። ቀለሙ የሚዘጋጀው ከኦክ ዛፍ እባጭ፣ ከሙጫና ከብረት ሰልፌት ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ብራናው በተጠቀለለና በተዘረጋ ቁጥር ደግሞ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። የዕብራይስጧ ፊደል የዳሌት ማዕዘን ትንሽ ከተበላች ሬሽ የምትባለውን ሌላ ፊደል ትመስላለች፤ ቃሉ ያን ጊዜ ሌላ ነው። ረቢው ሲጠራጠር ፊደል የሚለይ፣ የንባቡን ትርጉም ግን የማይከታተል ልጅ ጠርቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የተሰበረው በግልጽ ከታየ ግን ልጅ መጥራት የለም።

ጥገናው «ቀለም መቀባት» ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ምሳሌ እንስጥ። የፊደሏ የሔ እግር ከጣሪያዋ ጋር ከተነካካ የነካካውን ጫፍ ፍቆ መተው አይፈቀድም፤ ፊደል በመጻፍ እንጂ በመፋቅ አይሠራምና። እግሩ በሙሉ ተፍቆ እንደገና ይጻፋል። ስህተቱ በፈጣሪ ስም ላይ ከሆነ ደግሞ ስሙ ስለማይፋቅ ያ ብራና ወጥቶ በአዲስ ይተካል። እድላችን ግን ይህች ቶራ መሆኗ ነው፦ የቴፊሊን (በጸሎት ጊዜ በክንድና በራስ ላይ የሚታሰሩ ጥቅሶች) እና የመዙዛ (በበር መቃን ላይ የሚሰቀል ጥቅስ) ፊደላት በተራ መጻፍ አለባቸው፣ ቶራ ግን መካከሏ ላይ የደበዘዘውን ማደስ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚያስፈልገን ለምርመራው ነው። ለጋሾች «ይህን ፊደል እኔ አስጻፍኩ» ማለት ይወዳሉ፣ አንቃወምም፤ ነገር ግን ጸሐፊው (ቶራ በእጅ የሚጽፈውና የሚያርመው ባለሙያ) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያይ ስንት ፊደል እንደሚታደስ ማንም አይናገርም። ኮምፒውተር የጎደለና የተደገመ ፊደል ከሰው ዓይን ይልቅ ይይዛል፤ የተሰነጠቀ ቀለምና የተበላሸ ቅርፅ ግን የጸሐፊ ዓይን ይሻል። ቀጥሎ ብራናዎቹን የሚያያይዘው የጅማት ስፌት ይፈተሻል፣ የላላው በአዲስ ጅማት ይሰፋል። ችኮላችን ያለምክንያት አይደለም፤ ያልታረመ ቶራ ከ30 ቀን በላይ እንዲሁ ማስቀመጥ አይገባም።

የቀረው ለመያዣዋ ይውላል። ጠንካራ የጉዞ ሣጥንና በምኩራቡ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ እንገዛለን፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለው እርጥበት ይስማማታል። ከዚያ ከበዛ ሻጋታ፣ ካነሰ ስንጥቅ ነው። ከመኪና ውስጥ ሙቀት እንደወጣች መዘርጋትም ጥሩ አይደለም። በፕላስቲክ መጠቅለል የሚመከር ይመስላል፣ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። እባካችሁ የተቀደደ ብራና ስታዩ ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ሙጫው ሲነሣ ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

መዋጮውን ለምኩራቡ ገንዘብ ያዥ በሥራ ቀን አስገቡና ደረሰኝ ተቀበሉ። በሰንበት ቃል መግባት ይቻላል፤ ስእለት እንዳይሆንባችሁ «ብሊ ኔዴር» በሉ፣ ክፍያው ከሰንበት መውጫ በኋላ ነው። ጸሐፊው አይጠገንም ካለ ጥቅሉ በሸክላ ገንቦ ተደርጎ በመቃብር ስፍራ ይቀበራል፣ የተረፈው ገንዘብ ደግሞ ተመርምሮ ብቁ የተባለ ያገለገለ ትንሽ ጥቅል ለመግዛት ይሆናል። በዚህ የማይስማማ ለጋሽ ሲሰጥ ያሳውቀን፤ ድርሻውን እንመልሳለን።