ባልሽን ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ይዘሽው ነይ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሁዳዴውን እየጾመች ነው። ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ቅዳሴ አታስታጉልም።

ባለፈው ስትደውይ የጠየቅሽኝን ነገር ሳልመልስልሽ ነው ስልኩን የዘጋሁት። ባልሽ እዚያው ቤት እንዳለ ስለገባኝ ነው። "ከጦሩ በቦርድ ተሰናብቶ ከመጣ ጀምሮ አያወራም፤ አልጋውን ትቶ በሩ ስር መሬት ላይ ይተኛል፤ ሰው ሲመጣ ወጥቶ ይሄዳል። አባዬ፣ ምን በድዬው ነው?" ነው ያልሽኝ። ምንም አልበደልሽውም። ይህን ልነግርሽ ብዬ ነው ወረቀት የያዝኩት። እኔና የጦር ጓዶቼ በየወሩ ለምን እንደምንገናኝም ልንገርሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠላ ስትቀጂልን ኖረሻል፤ ነገሩ ከምን እንደተነሳ ግን አታውቂም።

እኔ የዘመትኩት በብሔራዊ ውትድርና በሁለተኛው ዙር ነው። አዋጁ በ1975 ሲወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት ያገለግላል ይል ነበር። የእኛ ሁለት ዓመት እስከ ግንቦት 1983 ተጎተተ። ግንቦት 13 ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ ተባለ። በሳምንቱ ሁሉም አለቀ። ኤርትራ የነበረው ጦር ተበተነ። አንዱ ወደ ሱዳን ሄደ፤ እኛ በትግራይ አድርገን ወሎን አቋርጠን በእግር መጣን። በየመንገዱ ገበሬው ቆሎና ውሃ ባይሰጠን ዛሬ አንቺም አትኖሪም ነበር። ይህን ውለታ ሁሌም አስታውሱልኝ።

ከዚያ ተሃድሶ ካምፕ ገባን። ቀይ መስቀል እህል ያመጣልን ነበር። የቀድሞውን ጦር የሚያቋቁም ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። ወደየቀያችን ስንመለስ ለገበሬው ዘርና ማረሻ ተሰጠ፤ ቀበሌም መሬት አካፈለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላሳንሰውም። በየከተማው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚለምን ወታደር የሞላበት ጊዜ ነበርና ማረሻ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

ግን ማታ ማታ ማረሻው ምንም አያደርግልሽም። እኔም መሬት ላይ ነበር የምተኛው። አልጋ ላይ ስወጣ ከፍ ብዬ የታየሁ ይመስለኛል። ዘመድ ይመጣል፤ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ይላል፤ ቀጥሎ "ስንት ሰው ገደልክ?" ብሎ የሚጠይቅም ነበር። ሌላው "የደርግ ወታደር" ብሎ ያልፋል። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ኦራል ሾፌራችንን አየሁት። አንቺ "ጋሼ ሾፌር" የምትዪውን። የወታደር ካፖርቱን ለብሷል። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠዋል፤ ካፖርቱን በገመድ አስሮታል። ለካ ቁልፎቹ ላይ ምልክት ስላለ ሰው እንዳያውቀው ራሱ ቆርጦ ጥሏቸዋል። ተቃቅፈን ቆምን። ጠላ ቤት ገባን። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አልተናገርንም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "እንቅልፍስ?" አለኝ። ወንድሞቼም፣ የንስሐ አባቴም ይህን አልጠየቁኝም ነበር። "የለም" አልኩት። "እኔም" አለኝ። በቃ። የዚያን ሌሊት ግን ትንሽ ተኛሁ።

ማህበሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ አራት ነበርን። በወር በ23 ጽዋ እንጠጣ አልን። ጊዮርጊስን የመረጥነው ሁላችንም ምሽግ ውስጥ ስሙን ስንጠራ ስለከረምን ነው። ሃምሳ አለቃውን ሙሴ፣ የማህበሩ መሪ፣ አደረግነው። እስከ ዛሬም ሙሴ እሱ ነው። ተረኛው ጠላና ዳቦ ያቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ከዚያ "እንቅልፍስ?" እየተባባልን ዙሩ ይጀመራል። እንግዳ ሰው ሲሰማን ግራ ይገባዋል።

ሕጎችም አሉን። አንደኛው፣ ራሱ ካላነሳው በስተቀር ማንም ማንንም ስለ ግንባር አይጠይቅም። የታመመ ሰው ቤት ሁለት ሁለት ሆነን እናድራለን። ሌላው የተኩስ ነገር ነው። መቼም በእኛ አገር ሠርግ ያለ ተኩስ አይደምቅም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ሲዳር ዳሱ አጠገብ ክላሽ ተተኮሰ። መድፈኛው ብርጭቆውን እንደያዘ ከአግዳሚው ስር ገባ። ሰዉ ሳቀ። እሱ ጠላው ደረቱ ላይ ፈሶ፣ አፈር ለብሶ ተነሳና ማንንም ሳያይ ወጣ። በሚቀጥለው 23 ሙሴያችን ወሰነ፤ ከእንግዲህ በማህበርተኛ ዳስ ጥይት አይተኮስም። ከሠርጉ በፊት ሽማግሌ ወደ ወንዱ ወገን ሄዶ "ጥይቱን ተዉልን፣ እልልታ ይበቃናል" ይላል። በአንቺ ሠርግ ያልተተኮሰው ለዚህ ነው። የባልሽ አጎቶች ቅር ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬ ልጃቸውን ሲያዩ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ማህበሩ ያለ ጭቅጭቅ አልኖረም። ትልቁ ጭቅጭቅ ታጋዩ የመጣ ጊዜ ነው። እሱ በወዲያኛው ወገን የተዋጋ ነው። በኋላ እሱም በተራው ከሠራዊት ተቀነሰና እዚሁ ሰፈር ቤት ተከራየ። ሚስቱ እናትሽ ዘንድ መጥታ "ሌሊት ይጮሃል" አለች። ጉዳዩን ወደ ማህበሩ ይዤው ስሄድ ሁለቱ ተነስተው ሊወጡ ነበር። ሃምሳ አለቃው ግን "ይምጣና ልየው" አለ። መጣ። ሲጨዋወቱ በአንድ ሰሞን አንድ ጋራ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠው እንደነበር ታወቀ። ሃምሳ አለቃው ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ውሃ ከየት ነበር የምትቀዱት?" አለው። ታጋዩ ነገረው። አንድ ምንጭ ነው! እነሱ ማታ፣ የእኛዎቹ ሊነጋጋ ሲል ይቀዱ ነበር። ሃምሳ አለቃው ዳቦውን ቆርሶ ሰጠው። አሁን የማህበሩን ገንዘብ የሚይዘው ታጋዩ ነው።

በ1990 የባድመው ጦርነት ሲነሳ የድሮው ጦር አባላት ተጠሩ። ከእኛ መድፈኛው ሄደ። ሲመለስ ሁለቱም ጆሮው ደክሟል፤ ግን ሁለት የባድመ ልጆች አስከትሎ መጣ። እነሱም ዛሬ ማህበርተኞች ናቸው።

አሁን ወሬያቸውን ልንገርሽ። ሃምሳ አለቃው ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ከባድመዎቹ አንዱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃቱ ተስማምቶታል። በጦሩ ሕክምና ክፍል የነበረው ጓዳችን ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ጊዜ፣ ኅዳር 2014፣ ለተፈናቃዮች ቁስል ሲያጥብ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ወጣት ሆኗል ብልሽ አልዋሸሁም።

እግሩን ያጣው ወንድማችን ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ይዞለት ነበር። ልጆቹ ከተማ ገብተውበት አጫጅ አጣ። ኅዳር ላይ ደቦ ወጣንለት። ሽማግሌ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ማሳው ዳር ቆመ። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው "ተሰለፍ!" ብሎ ጮኸ። ሳናስበው ሁላችንም ቀጥ አልን። የመድፈኛው ተረከዝ ሲገጥም ተሰማ፤ ጆሮው አይሰማም ስንል! ከዚያ በአንድ መስመር ገባንበት። ባለ ማሳው በሰው ሠራሽ እግሩ ከኋላ እየተከተለ ነዶ ያስራል፤ እያሰረ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይስቃል። እንዲህ ያለ ቀን ባልሽም እንዲያይ እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ግን የምልሽን ስሚኝ። መሬት ላይ መተኛቱን አትከልክይው፤ ፍራሹን እዚያው በሩ ስር አንጥፊለት። ሲቀሰቀስ እንዳትነኪው። ራቅ ብለሽ ቆመሽ ስሙን ጥሪው። እናትሽ እኔን እንዲያ ነበር የምታነሳኝ። ልጆቹ ፊኛ እንዳያፈነዱ ንገሪያቸው። ትከሻው ውስጥ ስለቀረው ፍንጣሪ ሰው ፊት አታንሺ። ሲያወራ ስሚው፣ ዝም ሲል ደግሞ አብረሽው ዝም በይ። የሞቱ ጓደኞቹን ስም ቢጠራ ወሬውን አታስቀይሪው፤ እንዲጠራቸው ተይው።

ሕክምና ክፍል የነበረው ጓዳችን ደግሞ ይህን ንገርልኝ ብሎኛል። ድንጋጤውና እንቅልፍ ማጣቱ ወራት ከዘለቀ ሐኪም ማየት አለበት። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙንም ይይ። ከእኛ መሃል ሁለቱ መድኃኒት ወስደው ነው የዳኑት፤ ቀድሞ ቢያውቁት ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነባቸው ነበር።

እናም ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ይዘሽው ነይ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ የላብ አደሮች ቀን ስለሆነ ሥራም ዝግ ነው። ፋሲካ ያለፈ ስለሚሆን በግ እናርዳለን። ተረኛው ጋሼ ሾፌር ነው። ስለ ባልሽ ለማህበሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንድም ሰው አይጠይቀውም፣ ቃሌ ነው። "አባቴ ጠርቶሃል" ብቻ በይው፤ ስለ ማህበሩ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እምቢ ካለ አትጨቃጨቂው፤ እኔና ሃምሳ አለቃው እንመጣለን። እሱ አሁኑኑ እንሂድ ሲል ነው በዚህ ጉልበትህ ብዬ ያስቀረሁት።

ከላምበረት በጠዋቱ መኪና ተሳፈሩ። ስትነሱ ደውይልኝ፤ መናኸሪያ እንጠብቃችኋለን። ለልጆቹ ጋቢ ያዢላቸው፣ ብርዱ ዘንድሮ አልወጣም። መድፈኛው ደግሞ ለጆሮ ማዳመጫው የሚሆን ትንንሽ ባትሪ እዚህ አጥቷል፤ ፒያሳ ካገኘሽ ግዢለት።

አባትሽ