የመቀመጫው ነገር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ወሬው መኪና መንዳትህ ላይ ሲደርስ ስለምትዘጋብኝ ነው። ዓይንህ እስኪድን ድረስ እትዬ ታነብልሃለች፤ እርሷን ደግሞ አታቋርጣትም።

ቀድመህ የምትጠይቀውን ልመልስ። ኮሮላዋ ደህና ናት። በየቅዳሜው አስነስቼ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ግርጌ ደርሼ እመለሳለሁ። ውኃዋንና ዘይቷንም አያለሁ።

ከመሄድህ በፊት አብረን ያየነውን የአውስትራሊያ የመኪና ውድድር ታስታውሳለህ? ባተርስት በሚባል ቦታ፣ ተራራ እየወጡና እየወረዱ 161 ዙር፣ 1000 ኪሎ ሜትር የሚነዱበት። ሾፌሮቹ ሲቀያየሩ አይተህ «ይኼኛው ደግሞ ረዳቱ ነው?» ብለህ ሳቅህ። መልስ አጥቼ አብሬህ ሳቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ነገሩ ሳነብ ከረምኩ።

አባዬ፣ የእነሱ «ረዳት» አንተ እንደምታውቀው የአውቶቡስ ረዳት በር ላይ ቆሞ ሒሳብ የሚሰበስብ፣ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ ይዞ የሚሮጥ አይደለም። ዋናው ሾፌር ዓመቱን ሙሉ ይወዳደራል፤ ሁለተኛው የሚጠራው ለረጃጅሞቹ ውድድሮች ነው። ሌላ ሰው ሲነዳት የከረመችን መኪና ተረክቦ፣ በግንብና በግንብ መካከል እየተጋፋ፣ ሳይጭራት መመለስ አለበት። ነዳጅ እየተሞላ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ የወጣው የገባውን ቀበቶ ያስርለታል። ቁመታቸው ካልተመጣጠነ አጭሩ በልኩ የተሠራ መደገፊያ ይዞ ይገባል። ይህችን መደገፊያ ልብ በልልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጂም ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው አለ። በፈረንጆች 1978፣ 1979 እና 1980 ከፒተር ብሮክ ጋር ተፈራርቆ እየነዳ አሸነፈ። ብሮክ እዚያ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎ «የተራራው ንጉሥ» የተባለ ነው፤ ከጎኑ የነዳውን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ሪቻርድስ ግን በጠቅላላው ሰባት ጊዜ አሸንፏል። የመጨረሻው በፈረንጆች 2002 ነበር፣ በ55 ዓመቱ፣ የማርክ ስካይፍ ሁለተኛ ሾፌር ሆኖ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ፌስታል መኪናዋ ፊት ላይ ተለጥፎ አየር ከለከላት፤ ሞተሯ ጋለ። መሪው ስካይፍ እጅ ነው፤ ሽማግሌው ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ራዲያተር ያፈላብህ አንተ፣ ያ ሰው ቆሞ ሲያይ ምን እንደተሰማው ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

ወዴት እንደማመራ ገብቶሃል። ባለፈው ከጢስ ዓባይ ስንመለስ መሽቶ፣ ዘንባባውን ሰው መስሎህ ፍሬን የያዝክበትን ምሽት እኔም አንተም ለእማዬ አልነገርናትም። (አሁን እትዬ ሰማች። እትዬ፣ አደራ!) ቁልፉን አልወስድብህም። ሐኪሙ ከፈቀደልህ ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ ከዚህ እስከ አዲስ ዘመን፣ የፎገራን ሜዳ፣ በጠዋት አንተ ንዳ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት እኔ እይዛለሁ፤ ከመሸ ደግሞ እኔ ብቻ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ መሪህን ለማንም ሰጥተህ አታውቅም፤ በረሃውን በማርሽ ስታወርደው ተሳፋሪው እንቅልፉን ይተኛ እንደነበር እስካሁን የሚያወሩ አሉ።

አንድ የምናዘዘው አለኝ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተላተመ ስላልቻልኩ መቀመጫህን ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ። ስፖኪዮውንም ነካክቻለሁ። ግን ከመንካቴ በፊት የአንተ ልክ የት ላይ እንደነበረ ሐዲዱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ያቺ እመለስባታለሁ ያልኩህ መደገፊያ ለእኛ ይህች ምልክት ናት፤ ለፎገራ ሜዳ ስትረከበኝ እስከ ምልክቱ መሳብ ብቻ ነው።

እማዬ የዓይን ጠብታውን እንዳትዘነጋ ብላሃለች።

ልጅህ፣
ከባሕር ዳር