ሳልፈልገው የተያዘ፣ ሳልሰማ የተሰረዘ ሆቴል

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝና የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ሐምሌ ወደ ቢሯችሁ የመጣሁት ለ18 ቀን ብቻዬን ወደ አውሮፓ ልጓዝ ነበር። ሆቴል እንደማልፈልግ የነገርኳችሁ ገና ወንበር ሳልይዝ ነው። ኮሎኝ አብሮ አደጌ አለች፤ ስትራስቡርግ ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት ያረፉ ባልና ሚስት ይጠብቁኛል፤ ቦሎኛ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለ። አብሮ አደጌ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ በከተማዋ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርባና 29 ዩሮ ከፍላ የፈረመችውን የኃላፊነት ሰነድ (የቆይታዬን ወጪ እንደምትሸፍን ግዴታ የገባችበትን) ዋናውን ቅጂ አስረክቤያችኋለሁ።

ሠራተኛችሁ ሰነዱን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገና «የግለሰብ ቤት ያስጠረጥራል፤ ሆቴል ይዘን እንግባ፣ ይህም አብሮ ይገባል» አለኝ። ለሆቴል ማስያዣ ተብሎ 6,500 ብር ከፈልኩ። የሞላችሁትን ቅጽም ፈረምኩ። ጥፋቴን አልሸሽግም፤ የሐሰት መረጃ ቪዛን እንደሚያሰርዝ የሚያስጠነቅቀው አንቀጽ ከፊርማዬ በላይ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም።

ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያውያን የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን በመራዘሙ፣ ቪዛው የደረሰኝ በበረራዬ ሳምንት ነው፤ ያውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ። እናንተ በማግስቱ ሆቴሉን ሰረዛችሁ። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላላችሁም።

መስከረም 9 ቀን ጠዋት ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ የት እንደማርፍ ተጠየቅሁ። «ጓደኛዬ ቤት» አልኩ። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ሆቴል ይላል። ፖሊሱ ስልክ አነሳና ክፍሉ ከአራት ቀን በፊት መሰረዙን ከሆቴሉ ሰማ። ቪዛ ያለውንም መንገደኛ የድንበር ፖሊስ ስለ ጉዞው ዓላማና ስለ ማረፊያው እንደገና ሊጠይቀው፣ ሊመልሰውም እንደሚችል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። የእጅ ሻንጣዬ ተከፍቶ፣ የአብሮ አደጌ እናት በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለው የላኩት በርበሬ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ፖሊሱ ቋጠሮውን ሲፈታ ሦስቴ አስነጠሰው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከበርበሬው ሥር የእናንተ ማኅደር ነበረ፤ ውስጡም አብሮ ይገባል የተባለው የኃላፊነት ሰነድ፣ ኤምባሲውን ሳያይ። ያዳነኝ እሱ ነው። ፖሊሱ አንብቦ፣ አብሮ አደጌ ጋ ደውሎ፣ ማኅተሙን መታልኝ።

የኮሎኙ ባቡር ግን አመለጠኝ። ቲኬቱ በቅናሽ የተገዛና ለዚያ ባቡር ብቻ የሚሠራ ስለነበር ሌላ በ79 ዩሮ ገዛሁ። ቢሯችሁ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ገብተሽ የለ እንዴ? ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሄደው» የሚል ነው።

የጉዞ መድኅኑ ሕጉ በሚጠይቀው በ30,000 ዩሮ ሽፋን በትክክል ተገዝቷል፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሆቴል ማስያዣው 6,500 ብር እንዲመለስልኝ፣ ደረሰኙን ያያያዝኩት የባቡር ቲኬት ዋጋም እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የምፈልገው ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሆቴሉን የመረጠውም የሰረዘውም ድርጅታችሁ መሆኑን፣ የኃላፊነት ሰነዱንም ተቀብላችሁ ሳታስገቡ መቅረታችሁን በማኅተም አረጋግጣችሁ ስጡኝ። የቪዛ ማመልከቻ መረጃ በሸንገን አገሮች የጋራ ቋት ለ5 ዓመት ይቀመጣል፤ ሌላ ጊዜ ሳመለክት ስለዚህ ሆቴል ብጠየቅ የማሳየው ወረቀት ያስፈልገኛል። በ15 ቀን ውስጥ ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪዎቹ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ (ፊርማ)

አባሪ፦ የሆቴሉ ማስያዣ ወረቀት፣ የ6,500 ብር ደረሰኝ፣ ሁለቱ የባቡር ቲኬቶች፣ የኃላፊነት ሰነዱ ቅጂ (በርበሬ የነካው)