ከኪል ቦይ ዳር

ይድረስ ለውድ ጓዴ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጠፋህ እንዳትለኝ፣ አንተም ጠፍተሃል፤ ስለዚህ ተቻቻልን።

አሁን ሰሜን ጀርመን፣ ሬንድስቡርግ ነው ያለሁት። የኪል ቦይ ሰፈራችንን ታክኮ ያልፋል። ከሩቅ ስታየው ውሃው አይታይም። ኮንቴይነር የተከመረበት መርከብ ከዛፎቹ ጀርባ ቀስ እያለ ሲሄድ ሜዳ ላይ የሚነዳ ነው የሚመስልህ።

መቼም ቦይ ሲባል ንግድ ነው ትዝ የሚልህ። ይሄን ግን በዋናነት ያስቆፈረው የጦር ጉዳይ ነው። ጀርመን ባልቲክና ሰሜን ባሕር የሚባሉ ሁለት ባሕሮች አሏት፤ መሃላቸው ላይ ዴንማርክ ተጋርጣለች። የጦር መርከቦቿ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ዴንማርክን ይዞሩ ነበር፣ ያውም በሰው አገር ደጃፍ፣ በጠባብ ባሕር። መንገዱ ከተዘጋ ባሕር ኃይሉ ለሁለት ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው። የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ቦዩን አጥብቆ ፈለገው። የሚገርመው፣ ስመ ጥሩው የጦር መሪ ሞልትከ መጀመሪያ ላይ ተቃዋሚ ነበር፤ ገንዘቡ ለመርከብ ይዋል ባይ ነው።

በፈረንጆች 1887 ተጀምሮ በ1895 ተመረቀ፤ 98 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወሬው የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። በ1906 እንግሊዞች ድሬድኖት የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ አወጡ። ጀርመንም እልህ ይዟት የራሷን ልትሠራ ተነሳች። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አዲሱ መርከብ በቦዩ አያልፍም! ለጦር መርከብ የተቆፈረ ቦይ ለጦር መርከብ ጠበበ። በቃ፣ በ1907 እንደገና ቁፋሮ። ስፋቱ ከ67 ወደ 102 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ9 ወደ 11 ሜትር አደገ። ያለቀው ሰኔ 1914 ነው፤ ግድያው አንደኛውን የዓለም ጦርነት የለኮሰው የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ሊገደል ጥቂት ቀን ሲቀረው። ለዚያ ሁሉ ወጪ ዛሬ የሚመላለስበት ባብዛኛው የንግድ መርከብ ነው።

እኔ የምወደው ግን መሻገሪያውን ነው። ቦዩ የአገሬውን መንገድ ስለቆረጠ፣ ከካይዘሩ፣ ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዘመን ጀምሮ መሻገር በነጻ ነው። የኛው ደግሞ ከትልቁ የባቡር ድልድይ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስል መድረክ ነው። ሰውም መኪናም ይጭናል። «ሂሳብ!» የሚል ረዳት የለ፣ «ሙሉ አይደለም፣ ጠጋ በሉ» የለ።

ብትመጣ አሻግርሃለሁ፤ ግብዣው በኔ ነው፣ መቼም ወጪ የለው! ስልክህ ተቀይሯል መሰለኝ፣ አይጠራም። አዲሱን ላክልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድምህ