ለግልገል ድመት ኩርኩም አይበጃትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ግልገል ድመት ስትነክስ አፍንጫዋን በጣት መምታት፣ ምንጣፍ ላይ ስትሸና አንገቷን ይዞ አፍንጫዋን እርጥቡ ላይ ማሸት፣ መጋረጃ ላይ ስትንጠላጠል ውሃ መርጨት፤ እነዚህ ሦስት ምክሮች ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ ዛሬም እንደ ሁነኛ መድኃኒት ይነገራሉ። ሦስቱም አይሠሩም። አለመሥራታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ጨዋታ የነበረውን ንክሻ የፍርሃት ንክሻ ያደርጉታል፤ በቀላሉ ትስተካከል የነበረችውን ግልገል አልጋ ሥር ተደብቃ የምትሸና ያደርጓታል። ከዚያ «ይቺ ድመት ክፉ ናት» ተብላ ደጅ ትጣላለች።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እየተባልን ስላደግን ቅጣት ገና በልጅነት ካልተጀመረ ነገር የሚበላሽ ይመስለናል። ድመት ግን ቅጣትን ከጥፋቷ ጋር አታያይዝም፤ የምታያይዘው ከቀጪው ጋር ነው። ዛሬ የመታት እጅ ነገ ሊደባብሳት ሲዘረጋ ቀድማ ትነክሰዋለች።

የንክሻው መነሻ ዕድሜ ነው። ግልገሎች እርስ በርስ መላፋት የሚጀምሩት 4 ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው፤ ከ9ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ልፊያው ይጦፋል። አንዷ አጥብቃ ከነከሰች የተነከሰው ወንድሟ ጮኾ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል፤ እናትየዋም ተጭና ትይዛታለች። ግልገሏ የጥርሷን ልክ የምታውቀው በዚህ መንገድ ነው። በ5 ወይም በ6 ሳምንቷ ተነጥላ ብቻዋን የምታድግ ይህ ትምህርት ያመልጣታል። ስለዚህ ቢያንስ 8፣ ከተቻለ 12 ሳምንት ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ጋር ትቆይ። ቀድማ ከመጣች ደግሞ፣ ቤቱ የሚችል ከሆነ፣ በዕድሜ የምትመጥናት ሁለተኛ ግልገል ከየትኛውም መጫወቻ ትበልጣለች። ሁለት ሲሆኑ ሥራው እጥፍ ይሆናል የሚል ስጋት እሰማለሁ፤ በንክሻ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጥርሳቸውን እርስ በርስ ይማማሩበታል።

ሁለተኛው መነሻ የኛው እጅ ነው። ብርድ ልብስ ሥር የሚርመሰመስ ጣት ለግልገሏ አይጥ ነው። በ8 ሳምንቷ ንክሻዋ ቢያሳክክ እንጂ ስለማያምም ቤተሰቡ ይስቃል፣ ደጋግሞም ያጫውታታል። በ6 ወሯ ያው ጨዋታ ደም ያወጣል። ከ3 ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርሶቿ እየወለቁ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚያ ወቅት ያገኘችውን ሁሉ ማኘክ ስለምትፈልግ የኤሌክትሪክ ገመድ ከፊቷ መነሳት አለበት። እጅና እግር መጫወቻ አይሁኑ። ይህ ደንብ የሚሠራው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ነው፤ አራት ሰው ተጠንቅቆ አንድ አጎት ማታ ማታ በእጁ የሚያታግላት ከሆነ የአራቱ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ጥርሷ እጅ ላይ ሲያርፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን መንጠቅ ነው። የሚያቆስለውም ይኸው ነው። ጥፍሯ የተቆለመመ ስለሆነ እጅ ሲነጠቅ ቆዳውን ይተለትለዋል፤ የሸሸ እጅ ደግሞ የሚያመልጥ አደን ሆኖ ስለሚታያት ይበልጥ ታጠብቃለች። እጅን ባለበት ማቆም፣ ጡንቻውን ፈጽሞ ማላላት፣ ከተቻለም በዝግታ ወደ አፏ ትንሽ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። የሚታደን ነገር ወደ አዳኙ አፍ አይሄድምና ግራ ተጋብታ ትለቃለች። ስትለቅ ያለ ጩኸት፣ ያለ ንግግር ከክፍሉ ወጥቶ በሩን ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ መዝጋት ነው። እሷን አንስቶ ሌላ ክፍል ማስገባት አይሠራም፤ መያዙና መፈራገጡ ራሱ ጨዋታ ይሆንላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንክሻው ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም ድሮ ይሠራላት የነበረውን ነገር አጥብቃ ትሞክረዋለች። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ኩርኩም የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ መጽናት ያለበትም እዚሁ ላይ ነው።

ይሁንና መከልከል ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። የአደን ፍላጎቷ መውጫ ይሻል። 1 ሜትር ገደማ የሚሆን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ላባ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ቢታሰር እጅን ከጥርሷ ያርቃል። በአነቃነቁ ላይ ስህተት ይበዛል፤ ሰዎች ላባውን ፊቷ ላይ ያወዛውዙታል። ላባው መሬት ለመሬት ከእሷ እየራቀ ይሳብ፣ ከወንበር እግር ኋላ ይሰወር፣ ይቁም፣ ከዚያ ትንሽ ይንቀጥቀጥ። ግልገሏ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ የኋላ እግሮቿን ማነቃነቅ ከጀመረች ጨዋታው ገብቷታል ማለት ነው። 10 ወይም 15 ደቂቃ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ ግን የግድ ከመኝታ በፊት ይሁን። ወደ መጨረሻው ላባውን አዝግሞ እንድትይዘው ማድረግ፣ ወዲያውም ምግቧን መስጠት ያስፈልጋል። ድመት ካደነች ትበላለች፣ ከበላች ራሷን ትልሳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ድመት በተፈጥሮዋ የምትነቃቃው ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ የተኛን ሰው እግር የምታድን ግልገል በዚህ ሥርዓት ብዙ ትሻሻላለች። ቀስቅሳ ስታስነሳችሁ ምግብ ከሰጣችኋት ግን በማግስቱ ቀደም ብላ ትመጣለች።

ለብቻዋ የምትታገለው ነገርም ያስፈልጋታል። በጨርቅ የተጠቀጠቀ አሮጌ ካልሲ፣ ርዝመቱ የእሷን ሰውነት የሚያህል፣ አቅፋ በኋላ እግሮቿ ለመርገጥ ይመቻታል። መሬት ላይ የሚሮጥ የሌዘር ብርሃን ብቻውን አይመከርም፤ የማይያዝ አደን ስለሆነ እያበሳጫት ይቀራል። የሚጠቀም ሰው ዓይኗን እየጠበቀ ብርሃኑን በመጨረሻ መሬት ላይ ያለ ምግብ ላይ ያሳርፈው።

ስለ ክር ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ጨዋታ ተብሎ ሕይወት የሚጠፋበት ነውና። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ወደ ኋላ የዞሩ ስለሆኑ አንዴ አፏ የገባ ክር ወደ ውጭ አይተፋም፤ ወደ ጉሮሮ ይነዳል። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ሌላው አንጀት ውስጥ ሲወርድ፣ አንጀቷ እንደ ተሳበ የሱሪ መቀነቻ ይሸበሸባል፤ ክሩም እየፋቀ ይበሳዋል። ማስመለስ፣ ምግብ መተውና መደበቅ ምልክቶቹ ናቸው። ክር ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ተንጠልጥሎ ቢታይ በፍጹም አይጎተት፤ በዚያው ሁኔታ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። የልብስ ስፌት ክር፣ የስጦታ ሪባን፣ የጸጉር ላስቲክ ሁሉ ተዘግቶ ይቀመጥ። ዘንጉም ጨዋታ ሲያልቅ ቁም ሣጥን ይግባ።

ንክሻ ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ስትጫወት ድምፅ አታሰማም፣ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ናቸው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጸጉሯን አቁማ፣ ፍስስ የምትል ግልገል ፈርታለች፤ መውጫ ትተው መራቅ ነው። እየተደባበሰች ድንገት ነከሰች የሚባለውም ድንገት አይደለም። የጭራዋ ጫፍ መወራጨት ይጀምራል፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ይዞራል። እዚያ ላይ እጅ ቢነሳ ንክሻው አይመጣም። ቆዳ የበሳ ንክሻ ደግሞ መግቢያው ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ስለሆነ ቶሎ ያመረቅዛል፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሐኪም ይየው። የግልገሏ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተሟላ ለነገ አይባልም።

ጥፍሯን በየ2 ሳምንቱ መቁረጥ ጭረቱን ያቀለዋል። የእግሯን ጫፍ በቀስታ ጫን ሲያደርጉት ጥፍሩ ይወጣል፤ የሚቆረጠው የተቆለመመው ብርሃን አሳላፊ ጫፍ ብቻ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚታየው ሮዝ መስመር ደምና ነርቭ ያለበት ነውና አይነካም። ሶፋ መቧጨሯን ማስቀረት አይቻልም፤ መቧጨሪያውን መለወጥ ግን ይቻላል። የማይወዛወዝ፣ ቆማ የምትንጠራራበት ቁመት ያለው፣ የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት ግንድ ከምትተኛበት አጠገብ ይቁም፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ መንጠራራትና መቧጨር ልማዷ ነው።

አሁን ወደ ሽንቱ። ግልገሏ እስከ 3 ሳምንቷ የምትጸዳዳው እናቷ እየላሰቻት ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሷ ልል አፈር ወይም አሸዋ ፈልጋ መቆፈር ትጀምራለች። መቅበርን ማንም አያስተምራትም። ምንጣፍ ላይ የምትሸና ግልገል ስታጋጥም መጀመሪያ የሚመረመረው እንግዲህ መጸዳጃዋ ነው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ያለው ሳፋ ለትንሿ ይመቻል፤ ከዚያ ከበለጠ መዝለል ታክቷት አጠገቡ ትሸናለች። ክዳን አያስፈልገውም። ደቀቅ ያለ፣ ሽቶ የሌለው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሞላበት። እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለው የድመት አሸዋ ግን ገና ያገኘችውን ሁሉ ለምትቀምስ ግልገል አይሰጥ፤ ከዋጠችው አንጀቷ ውስጥ ይጓጉላል። ቁጥሩ በድመቶቹ ላይ አንድ ተጨምሮ ነው፤ ለአንድ ግልገል ሁለት ሳፋ፣ በተለያየ ቦታ። ከምግቧ ይራቅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብም አይሁን፤ አንድ ቀን ማሽኑ ድንገት ካስደነገጣት ወደዚያ ሳፋ ላትመለስ ትችላለች። አዲስ የመጣች ግልገል መጀመሪያ ቤቱ ሁሉ አይከፈትላት። አንድ ክፍል ይበቃታል፤ ሽንት ሲይዛት ሳፋው ቅርብ መሆን አለበት። ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስና ከጨዋታ በኋላ ወደዚያ ማድረስ በቂ ነው። እግሯን ይዞ ማስቆፈር ያስፈራታል።

ቆሻሻው በቀን 2 ጊዜ ይዛቅ፣ ሳፋው በሳምንት አንዴ በሙቅ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ፌኖል የተባለ ኬሚካል ያለባቸው ፀረ ተባዮች ደግሞ ድመትን ይመርዛሉ። ነፍሰ ጡር ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው፤ ሰገራው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ፅንስን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላል ለመበከል ቢያንስ 1 ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ መዛቁ ለቤቱ ሁሉ መከላከያ ነው።

ምንጣፍ ላይ የፈሰሰው አይታሽ፤ በጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ፣ ከዚያ የሽንቱን ቅሪት የሚሰባብር ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ማርጠብና ራሱ እስኪደርቅ መተው ነው። ሳሙና የሰው አፍንጫ የሚያሸተውን ያጠፋል፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው የዩሪክ አሲድ ጠጣር ግን እዚያው ይቀራል፣ እሷም ታሸተዋለች። ከደረቀ በኋላ የምግብ ሳህኗን እዚያ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ድመት በምትበላበት መሽናት አትወድም።

የአበባ ማሰሮ የምትቆፍር ከሆነ አፈሩ በትልልቅ ጠጠር ይሸፈን። ሊሊ የሚባለው አበባ ግን ከነጭራሹ ከቤት ይውጣ፤ ብናኙ እንኳ ኩላሊቷን ያጠፋል።

ሁሉም ተሟልቶ አሁንም ሳፋው ጋ ሳትደርስ የምታፈስ ከሆነ ሆዷ ይታይ። የላም ወተት ብዙ ግልገሎችን ያስቀምጣል፤ ወስፋትም ከእናት ጡት ጋር ስለሚተላለፍ የትል መድኃኒት ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ በክብደቷ ልክ በሐኪም ይሰጣል። ሽንቷ ላይ ደም ከታየም ሐኪም ጋ ትሂድ። ወንድ ሆኖ ሳፋው ውስጥ እየተመላለሰ እያማጠ ጠብታ እንኳ የማይወጣው ከሆነ የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ይወሰድ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያድር ይሞታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ