የሂሳብና ስፖርት ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

ዓመቱን ሙሉ «የበረዶ ሆኪን ከሂሳብ ጋር ምን አገናኘው?» ስንባል ከረምን። ብዙ ነገር ያገናኘዋል። የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት። በ2 ኮንፈረንስ (ትልልቅ ምድቦች)፣ እነሱም ሁለት ሁለት ሆነው በ4 ዲቪዥን (ንዑስ ምድቦች) ተከፍለው እያንዳንዳቸው በ2025-26 (እ.ኤ.አ.) ደንብ 82 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ሥራ አንድ ነው፦ ድልድሉን እንደ አዲስ ሥሩት።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ሰብሳቢና ጸሐፊ በመምረጥ አለቁ። ሥራው የሞቀው አንድ ልጅ የ2016-17ን (እ.ኤ.አ.) ሰንጠረዥ ይዞ የመጣ ቀን ነው። አሁን ባለው ደንብ የአንድ ዲቪዥን 2ኛና 3ኛ ገና በመጀመሪያው ዙር ይገናኛሉ። በዚያ ዓመት ፒትስበርግ በ111 ነጥብ ከመላው ሊግ 2ኛ፣ ኮሎምበስ በ108 ነጥብ 4ኛ ነበሩ። ዲቪዥናቸው አንድ ስለሆነ ወዲያው ተፋጠጡ፣ ኮሎምበስም ተሰናበተ። በጎረቤት ዲቪዥን ደግሞ 98 ነጥብ ያለው ኦታዋና 95 ያለው ቦስተን እርስ በርስ ተጋጠሙ፤ ከሁለቱ አንዱ ማለፉ የግድ ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። «ከጎበዝ ጋር መመደብ ያስቀጣል እንዴ?» አለ ልጁ። ብዙዎቹ እዚያው ዲቪዥን የሚባል ነገር ይቅር፣ 16ቱም በነጥብ ብቻ ይደልደሉ ወደሚለው አዘነበሉ።

እኔን ግን የነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተነሳች። የአትላንታ ቡድን በ2011 (እ.ኤ.አ.) ወደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ሲዛወር ለሁለት የውድድር ዘመን እዚያው ደቡብ ምሥራቅ ዲቪዥን ውስጥ እንደቀረ አንብባለች። ካርታው ላይ ዊኒፔግን በመርፌ ወጋችና ቀይ ክር አሰረች። ከዚያ በዲቪዥኑ ውስጥ ወዳሉት ሩቅ የአሜሪካ ከተሞች ጉዞውን መለካት ጀመረች። ወደ ታምፓ ወሰደችው፣ መለሰችው። ወደ ራሌይ ወሰደችው፣ መለሰችው። ዋሽንግተን ሳትደርስ ክሩ አለቀባት። ዞር አለችና «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚተኙት?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም። ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘኝ፣ አልደብቅም።

የመጨረሻው ሐሳባቸው የመጣው ከዚያ ክር ነው። ዲቪዥኑ በመልክዓ ምድር ይቀጥል፣ ጉዞ ይቀንሳል፣ የጎረቤት ፉክክርም ይኖራል። ጥሎ ማለፉ ግን በየኮንፈረንሱ ከ1 እስከ 8 በነጥብ ይደልደል፣ 1ኛው ከ8ኛው ይግጠም። ሊጉ ራሱ እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ደንብ ነበረው። የኛዎቹ የሚለዩት ለዲቪዥን አሸናፊ የፊት ቦታ አለመስጠታቸው ነው።

ያልጨረስነውም አለ። የ82 ጨዋታውን ፕሮግራም ማውጣት ጀምረን ተውነው፤ ለ24 ልጅ አንድ ኮምፒውተር አይበቃም። ኳስ የጠየቁ ክበቦች ኳስ ተገዝቶላቸዋል፣ ደስ ብሎናል፤ እኛ ግን የጠየቅነውን ካርታ እስካሁን አላገኘንም። ግድግዳው ላይ ያለው ከጂኦግራፊ ክፍል የተዋስነው ነው፣ ይመለስ ተብለናል። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ ትልቅ የሰሜን አሜሪካ ካርታና አንድ ያገለገለም ቢሆን የሚሠራ ኮምፒውተር ካላችሁ እባካችሁ አስቡን። ቀዩን ክር እስካሁን አልነቀልነውም።